መድን፣ ዐረቦን፣ ሦስተኛ ወገን፤ የመኪና ኢንሹራንስ አማርኛ ከአዲስ ቅዳም ሲነበብ

ሕግንና ውልን እንደ ድርሰት አንሥቶ መመርመር በእኛ ዘንድ ብዙ የተለመደ አይደለም። ልብ ወለድና ግጥም ሲወጣ ሐያሲ አያጣም፤ ከልብ ወለዱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚፈርምበት፣ ከፈራሚውም የበለጠ ብዙ ሰው ሳይፈርምበት የሚኖርበት የውል ወረቀት ግን በደኅና ተጻፈ ወይም በክፉ ተጻፈ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝለትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የተሽከርካሪ መድን የሚባለውን ነገር በጠበቃ ዓይን ሳይሆን በአንባቢ ዓይን ልንመለከተው አስበናል። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም በዚህ ሕግና ውል ውስጥ ያሉት የአማርኛ ቃላት ለአንባቢው የሚሰጡት ተስፋና ውሉ በእርግጥ የሚሰጠው ነገር ይገጥማሉን? የሚል ነው። እኛ አይገጥሙም እንላለን፤ የልዩነቱንም ዋጋ የሚከፍለው ውሉን የጻፈው ሰው እንዳይደለ ለማሳየት እንሞክራለን።

ንባቡን የምናደርገው ከአዲስ ቅዳም ሆነን ነው። አዲስ ቅዳም በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው፣ ማለት አዲስ አበባን ከባሕር ዳር ጋራ በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠች ናት። ስሟ ራሱ የቅዳሜን ገበያ ያስታውሳል። በዚህ ጎዳና ላይ የፈረስ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አገር አቋራጩ አውቶቡስና ጭነቱን ከጎኖቹ አልፎ የቆለለው አይሱዙ አንዱን አስፋልት ይካፈሉታል፤ እግረኛውም ከነሸክሙ በመካከላቸው ይሄዳል። የአካባቢው ገበሬ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ወደ ሩቅ ከተማ የሚልክ ስለሆነ የጭነት መኪና ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ውሉን የፈረመው ባለመኪና ምናልባት የሌላ ከተማ ሰው ነው፤ ውሉን የጻፈው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ውሉ እውነት መሆኑና አለመሆኑ የሚፈተነው ግን በእንደዚህ ያለው መንገድ ዳር ነው። ስለዚህ ከዚህ ማንበቡ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በመጀመሪያው ቃል እንጀምር። «መድን» አሮጌ ቃል ነው። ኢንሹራንስ የሚባለው ንግድ ወደ አገራችን ከመግባቱ አስቀድሞ በአማርኛ መድን ማለት ስለ ሌላው ሰው ራሱን አሲዞ የሚቆም ሰው ነበረ፤ ከዋስ ጋራም ተጣምሮ ሲነገር ኖሯል። ሥሩም ከመዳንና ከማዳን ጋራ የተዛመደ ነው። እንግዲህ መድን ስም ያለው፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ሲጠሩት የሚመጣ ሰው ነበረ ማለት ነው። የሚቆመውም ስለሚያውቀው ዘመዱ ወይም ወዳጁ ነበር እንጂ ፊቱን አይቶት ስለማያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ መድን የሚባለው ኩባንያ ነው፤ የሚቆመውም በውሉ ላይ በተቈጠሩት አደጋዎች ብቻ፣ በተጻፈው የገንዘብ ጣሪያ ልክ፣ በተወሰኑት ቀናት ውስጥ ነው። የቀድሞው መድን «እኔ አለሁለት» ይላል፤ ያሁኑ መድን «እስከዚህ ድረስ አለሁለት» ይላል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም፤ ቃሉ ግን አንድ ሆኖ ስለቀረ አንባቢው የፊተኛውን ተስፋ ይዞ ወደ ኋለኛው ውል ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በመንገዳችን ሳንጠቅስ አናልፍም። የመጀመሪያው አገር በቀል ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የያዘው የፈረንጁን ቃል ነበር። በ1967 ዓ.ም. የነበሩት 13 ኩባንያዎች በመንግሥት ተወርሰው በኋላ በአንድ ድርጅት ሥር ሲጠቃለሉ ግን ድርጅቱ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተባለ። በ1986 ዓ.ም. ንግዱ ለግል ባለሀብት እንደገና ሲከፈት የተቋቋሙት እነ ኒያላ፣ እነ አዋሽ፣ እነ አፍሪካ ደግሞ በሰሌዳቸው ላይ ኢንሹራንስ ብለው ጻፉ። የአጋጣሚ ነገር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የግሎቹ ቃል ቢያንስ ለአማርኛ አንባቢ አንዳችም ተስፋ ስለማይሰጥ በዚህ በኩል ሐቀኛ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ሁለተኛው ቃል «ዐረቦን» ነው፤ ይህም ባለመድኑ ለኩባንያው የሚከፍለው ገንዘብ መጠሪያ ሆኗል። ከቃላቱ ሁሉ ክፉኛ የተመረጠው ይህ ይመስለናል። ዐረቦን በግእዝ መያዣ ማለት ነው፤ በዕብራይስጡም በጽርኡም ዘመዱ የሆነ ቃል ይገኛል፤ ትርጉሙም ነገሩ እስኪፈጸም ድረስ የሚሰጥ ቀብድ ወይም መያዣ ነው። መያዣ ደግሞ ወይ ይመለሳል፣ ወይ ከዋጋው ይታሰባል። የኢንሹራንሱ ገንዘብ ግን አይመለስም፤ ከምንም ዋጋ ላይም አይታሰብም። ዓመቱ በደኅና ካለቀ ገንዘቡ የተከፈለበት ነገር አለቀ፤ ይኸውም ዓመቱን ሙሉ በሥጋት ፈንታ በዕረፍት መንዳት ነው። ባለመኪናዎች «አንድም አደጋ ሳይደርስብኝ ገንዘቤን በሉት» እያሉ ሲያማርሩ የምንሰማው ስስታም ስለሆኑ አይደለም፤ ዐረቦን ብሎ የጠራው ራሱ ውሉ ነውና፣ መያዣውን ይመልስልኝ ማለታቸው በቃሉ ከሄድን ትክክል ነው።

ከዚህ ይልቅ ሕዝቡ የሚያውቀው ቃል ነበረ፤ መዋጮ። ለእድር በየወሩ የሚከፍል ሰው በዓመቱ መጨረሻ «ዘንድሮ ማንም አልሞተብኝምና ገንዘቤን መልሱልኝ» አይልም። እንዲያውም አልሞተብኝም ብሎ ፈጣሪውን ያመሰግናል። የከፈለው ገንዘብ ለጎረቤቱ ቀብር እንደ ዋለ ያውቃል፤ በተራው ለእሱ እንደሚውልም ያውቃል። በአዊም በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ለደስታም ለሐዘንም ተጠራርቶ የሚወጣ ስለሆነ፣ የብዙው ሰው ጥቂት ጥቂት መዋጮ በአንዱ ላይ ለሚወድቀው ከባድ ነገር ይውላል የሚለው ሐሳብ ለአዲስ ቅዳም ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም። የኢንሹራንስ ሥራም ከመሠረቱ ይኸው ነው፤ የብዙ መኪናዎች መዋጮ ለጥቂቶቹ ጉዳት ይከፈላል፣ ከዚያ የኩባንያው ወጪና ትርፍ ይነሣል። ዐረቦን በማለት ፈንታ መዋጮ ቢባል ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልተነሣ ነበር ብለን እናምናለን።

ልዩነት የለም ግን አንልም። እድር ለሐዘንተኛው የሚሰጠው አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ነው፤ ቀብሩ ስንት ፈጀ ብሎ አይመረምርም። የንብረት መድን ግን የሚከፍለው በደረሰው ጉዳት ልክ ብቻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በቁጥር 678 የንብረት ኢንሹራንስ ውል የመካሻ ውል መሆኑን፣ የሚከፈለውም ገንዘብ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንዳይችል ደንግጓል። በሌላ አነጋገር ከአደጋ ትርፍ የለም። (ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በከፊል ሲታደስ የኢንሹራንሱ ክፍል እንደ ነበረ ቀርቷልና፣ አሁንም የምንዳኘው በዚያው ነው።) የመዋጮው መጠንም እንደ እድሩ ለሁሉም እኩል አይደለም፤ በመኪናው ዓይነት፣ በዋጋው፣ በዕድሜው፣ ከሁሉም በላይ በአገልግሎቱ ይለያያል። ቀንና ሌሊት ከሰል የሚያመላልሰው አይሱዙ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ከሚነዳው የቤት አውቶሞቢል የበለጠ የሚከፍለው ኩባንያው ስለ ጠላው ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚውልበት ሰዓት ስለ በዛ ነው። በዓመቱ ጉዳት ላልጠየቀ ሰው በሚቀጥለው ዓመት የሚደረገው ቅናሽ ደግሞ አለ፤ «ዐረቦን» ከሚለው ቃል ተስፋ በተግባር የቀረው ይህ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው ማነው? አንደኛው ወገን ውሉን የገባው ባለመኪና ነው፤ ሁለተኛው ኩባንያው ነው፤ ሦስተኛው ውሉ ላይ ስሙ የሌለው፣ ፊርማው የሌለበት፣ ውሉ መኖሩንም ላያውቅ የሚችለው ሰው ነው። ድንች የተሸከመችው እናት፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ፣ በጋሪው ላይ የተቀመጠው ገበሬ ሦስተኛ ወገን ናቸው። ሹፌሩ ራሱ ሦስተኛ ወገን አይደለም። የመኪናው ረዳት በሥራው ላይ ሳለ ቢጎዳ ጥያቄው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ በኩል የሚሄድ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ «መኪናው መድን አለው» ሲባል በመኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የተጠበቀ ይመስለዋል።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 559፣ በኋላም በ2005 ዓ.ም. የተካው አዋጅ ቁጥር 799፣ ማንኛውም ባለተሽከርካሪ ለዚህ ለማይታወቀው ሰው መድን ሳይገባ በመንገድ ላይ እንዳይነዳ አስገድደዋል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። በጋራ ኑሮ ላይ ሳያውቁት ለሚጎዱት ሰው አስቀድሞ ማዋጣት ከፍ ያለ ማኅበራዊ ግዴታ ነውና። ነገር ግን በ2005ቱ አዋጅ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች እንደ አንባቢ እንያቸው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የሚከፈለው ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር፤ ለአካል ጉዳትም ጣሪያው 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ግን 100,000 ብር። በቀን 100 ብር የሚያገኝ የቀን ሠራተኛ ቢኖር 40,000 ብር የ400 ቀን ሥራው ነው፤ ከሁለት ዓመት አያልፍም። በመንገድ ዳር ያለ የሱቅ ግድግዳ ግን ከባለሱቁ ሕይወት በሁለት እጥፍ ተኩል የላቀ ጣሪያ ተሰጥቶት ነበር። ጣሪያው በኋላ በደንብ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ደግ ነው። ነገር ግን በብር የተጻፈ ጣሪያ ሁሉ ብሩ ሲረክስ አብሮ ዝቅ ይላል፤ በየዘመኑ አንድ ሰው ተነሥቶ እስኪያሻሽለው ድረስ የሚጠብቀው ደግሞ መንገድ ዳር ያለው ቤተሰብ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ቁጥሩ የሚያስከትለው የንባብ ስሕተት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ እንደሆነ ደንግጓል። ይህ ኃላፊነት የጉዳቱን ልክ ያህል ነው እንጂ የመድኑን ጣሪያ ያህል አይደለም። እንግዲህ ጉዳቱ 300,000 ብር ቢሆንና መድኑ የሚከፍለው ከዚያ ቢያንስ፣ የቀረው ዕዳ ባለመኪናው ላይ ነው፤ አይጠፋም። ነገር ግን ባለመኪናው «መድን አለኝ» ብሎ ያርፋል፤ የሟች ቤተሰብም «መድኑ የሚሰጠው ይህን ነው ተባልን» ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ጣሪያውን የጉዳቱ ዋጋ አድርገው አንብበውታል። አዋጁ ስለ መድኑ ጣሪያ ሲናገር አጠገቡ ቢያንስ አንዲት ዐረፍተ ነገር ጨምሮ «ከዚህ የሚበልጠውን ጉዳት ባለንብረቱን መጠየቅ ይቻላል» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ፣ በአዲስ ቅዳም ስንት ቤት ሊተርፍ እንደሚችል ልብ ይሏል። (የሐዘን ወይም የሕሊና ካሳ የሚባለውን ያነሣን እንደሆነ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። በዛሬው ገበያ አንድ ዶሮ ገዝቶ ምን ያህል እንደሚተርፈው ለአንባቢ እንተዋለን።)

የጋሪውንም ነገር ሳንረሳ፤ አዋጁ የሚገዛው በሞተር ኃይል የሚሄደውን ተሽከርካሪ ነው። ባጃጅ ሰው ቢገጭ መድን አለ፤ የፈረስ ጋሪ ቢገጭ የለም፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ እንስሳ ባለቤት ኃላፊነት ወደሚናገረው ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ይሄዳል። ገጭቶ የሸሸ፣ ወይም መድን የሌለው መኪና ሲሆን ደግሞ የመድን ፈንድ የሚባለው አለ፤ ታርጋው ያልታወቀ መኪና የገጨው ሰው ከዚያ ካሳ ይጠይቃል። ከአዋጁ ክፍሎች ሕዝቡ ጥቂት የሚያውቀው፣ ግን እጅግ የሚጠቅመው ይህ ነው። «መኪናው ስላመለጠ ምንም ማድረግ አይቻልም» የሚለው አነጋገር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ እውነት አይደለም።

አራተኛው ቃል «ሙሉ» ነው። ባለመኪናው ከግዴታው አልፎ ለራሱ መኪና ጭምር ሲገባ ውሉ «ሙሉ መድን» ይባላል። በሻጩና በገዢው መካከል ከሚለዋወጡት ቃላት ሁሉ እንደዚህ ሽያጭን የሚያፋጥን፣ እንደዚህም የሚያሳስት የለም። ሙሉው መድን የማይሸፍናቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ በልማዱ የመኪናው ማርጀትና መበላሸት፣ ከልክ በላይ በመጫን የደረሰ ጉዳት፣ መንጃ ፈቃድ በሌለው ሰው የተነዳ እንደሆነ የሚደርስ ጉዳት፣ ጦርነትና ሁከት ከሙሉው ውስጥ አይገቡም። ደግሞም ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያውን ድርሻ፣ በኩባንያዎች ቢሮ «ኤክሰስ» የሚሉትን፣ ባለመኪናው ከኪሱ ይችላል። ይህ ሁሉ ተገቢ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ትንንሹን ጭረት ሁሉ የሚከፍል ኩባንያ መዋጮውን ካላናረ አይቆምም። የእኛ ክርክር ግን ከቃሉ ጋራ ነው። ይህን ያህል የጎደለበትን ነገር ሙሉ ማለት ምን ዓይነት አማርኛ ነው?

የጦርነቱ ነገር በተለይ ለአዊና ለመላው አማራ ክልል ሩቅ ምሳሌ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ተስፋፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ መኪናው የቆመበት ወይም የሚሄድበት መንገድ የተኩስ ቦታ ሊሆን መቻሉን ሹፌሮቹ አይተዋል። ያን ጊዜ ሙሉ መድን የገባ ሰው በእንዲህ ያለ ምክንያት የደረሰውን ጉዳት ሊጠይቅ ሲሄድ በውሉ ጀርባ ካለው ከጠባቡ ጽሕፈት ጋራ ይገናኛል። ለፖለቲካ ሁከት የሚሆን ሽፋን ተጨማሪ ተከፍሎበት ለብቻው የሚገዛ እንጂ በሙሉው ውስጥ የሚገኝ አይደለም። ባለመኪናው መጠየቅ ያለበት «ሙሉ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ምን ምን ይጎድለዋል?» ብሎ ነው፤ ሻጩም ይህን በአፉ ሊነግረው ይገባ ነበር።

ሌላው ስውር ጉድለት በዋጋው ላይ ነው። አንድ ሰው 2,000,000 ብር የሚያወጣውን አይሱዙ መዋጮው እንዲቀልለት ብሎ በ1,000,000 ብር ቢያስመዘግብ እንበል። መኪናው 400,000 ብር የሚያስከፍል ጉዳት ቢደርስበት፣ «ጉዳቱ ከ1,000,000 ያነሰ ነውና ሁሉም ይከፈለኛል» ይላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ባለንብረቱ ለግማሹ ዋጋ ብቻ መድን ስለገባ ለቀረው ግማሽ ራሱ የራሱ መድን እንደሆነ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ሌላ ስምምነት ከሌለ የሚከፈለው 200,000 ብር ነው። ይህ ሆን ብሎ ያሳነሰውን ሰው ብቻ የሚመታ ቢሆን ግድ ባልነበረ። ነገር ግን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም ተከተለው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በትክክለኛው ዋጋ ያስመዘገበ ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሳያውቅ አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው ሆኖ ተገኘ። ውሉ በየዓመቱ ሲታደስ ባለመኪናው ያለፈውን ቁጥር እንደ ነበረ የሚገለብጥ ከሆነ፣ በቦሎ ወቅት የተሻማው ጥቂት ደቂቃ በአደጋው ቀን ብዙ ብር ያስከፍለዋል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ካሳና ሽምግልና ነው። በአዲስ ቅዳም እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር ሰው ሲሞት ነገሩ በፖሊስና በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። የሹፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሟች ወገን እስኪቀበል ድረስ ይለመናል፤ ሹፌሩ ወይም ዘመዱ «አጠፋሁ» ብሎ ይወድቃል፤ ካሳ ይቈረጣል፤ ደም ይደርቃል። «አጠፋሁ» የሚለው ቃል የዕርቁ ቁልፍ ነው፤ ያለ እርሱ ቂሙ በልጅ ልጅ ይቀጥላል። ይህን ልማድ ኋላ ቀር ነው ብለን የምንንቀው አይደለም፤ መንገዱ ሁልጊዜ በዚያች መንደር ውስጥ የሚያልፍ ሹፌር ያለ ዕርቅ ሊያልፍ አይችልምና።

የመድኑ ውል ግን በልማዱ ተቃራኒውን ያዝዛል። ባለመድኑ ኩባንያው በጽሑፍ ሳይፈቅድለት ጥፋቱን እንዳያምን፣ ካሳ እንዳይሰጥ፣ እከፍላለሁ ብሎም ቃል እንዳይገባ የሚከለክል ሐረግ በእንዲህ ያሉ ውሎች ውስጥ የተለመደ ነው። የሐረጉ ምክንያት ይገባናል፤ ሰው በሌላው ገንዘብ ቸር መሆን ይቀለዋልና፣ ኩባንያው ያልተነጋገረበትን ካሳ እንዲከፍል መገደድ የለበትም። ነገር ግን ውጤቱ ምንድን ነው? ሹፌሩ ለሽማግሌዎቹ «አጠፋሁ» ካለ ውሉን ያፈርሳል፤ ካላለ ዕርቁን ያፈርሳል። በዕርቁ ላይ የከፈለውን ገንዘብም ኩባንያው ላይተካለት ይችላል። የሟች ቤተሰብም ከሽማግሌዎቹ ገንዘብ ተቀብሎ «ተካክሰናል፣ ከእንግዲህ አንጠያየቅም» የሚል ወረቀት ላይ ከፈረመ፣ ያ ወረቀት ከመድኑ የሚገባውን ለመጠየቅ እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል። ሁለት ሕግ፣ ሁለቱም በአማርኛ፣ «ካሳ» በሚል አንድ ቃል ላይ ቆመው ይጋጫሉ፤ ፈራሚው ደግሞ መጋጨታቸውን የሚያውቀው ከፈረመ በኋላ ነው።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለንም። የዕርቁ ወረቀት ሲጻፍ «ይህ የሐዘን ማስተዛዘኛና የቂም መሻሪያ ነው፤ በሕግና በመድን የሚጠየቀውን ካሳ አያስቀርም» የሚል አንድ መሥመር ቢገባ፣ ገንዘቡም ከመቈጠሩ በፊት ለኩባንያው በጽሑፍ ቢነገር፣ የሽማግሌውም የኩባንያውም ክብር ይጠበቃል። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው ይህን የአገር ልማድ የማያውቁ መስለው ከሌላ አገር የተቀዳ ሐረግ ማተማቸው አይመሰገንም። ለዕርቅ ቦታ ያለው የውል ቃል ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር፤ አላዘጋጁም።

ስለ ጉዞ መድን የምንለው ጥቂት ነው። ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ሌላ የኮሜሳ አባል አገር የሚያልፍ ሹፌር «ቢጫ ካርድ» ይገዛል፤ ይህም በዚያ አገር ለሚጎዳው ሦስተኛ ወገን እንጂ ለራሱ መኪና አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ለራሱም የሚሆን ይመስለዋል። ወደ አውሮፓ የሼንገን ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ያ ወረቀት ድንገተኛ ሕመምንና አስከሬን መመለስን ይመለከታል፤ ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም በልማዱ አይገባበትም። ከአዲስ ቅዳም ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚሄደው ተሳፋሪ ግን የማንንም ወረቀት ሳይጠየቅ አውቶቡሱ ላይ ይወጣል፤ ያው ሰው ባሕር ሲሻገር የሚጠየቅለት ሽፋን በአገሩ መንገድ ላይ ከተጻፈለት ጋራ ሲነጻጸር ያሳፍራል።

አንዳንድ ሰዎች «የሙያ ቃል እንደ ገበያ ቃል አይተረጐምም፤ ዐረቦን ማለት ዛሬ ይህ ነው ተብሎ ተወስኗል፤ አለቀ» ሊሉን ይችላሉ። ለሐኪምና ለመሐንዲስ ይህ መልስ ይበቃል፤ እነርሱ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነውና። የመድን ውል ግን የሙያው ሰው ሙያ ለሌለው የሚሸጠው ወረቀት ነው። ከዚያም በላይ ቃላቱ ከመጀመሪያው በትርጉም የገቡ ናቸው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ረኔ ዳቪድ፣ የንግዱን ሕግ ዣን ኤስካራና ከእርሱ በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ በፈረንሳይኛ አርቅቀው ወደ አማርኛ ተመለሰ። ተርጓሚዎቹ የደከሙትን ድካም አንዘነጋም፤ ባልነበረ ሜዳ ላይ መንገድ የጠረጉ ናቸው። ዛሬ ግን ስድሳ ዓመት አልፏል። የፌዴራሉ አዋጅ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲወጣ የመጨረሻው ሥልጣን የአማርኛው ነው፤ ኩባንያዎቹ ለባለመኪናው የሚሰጡት ውል ግን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የታተመ ነው። በአዊ ደግሞ የብዙው ሰው የአፍ መፍቻ አዊኛ ነው። ስለዚህ የአዲስ ቅዳሙ ባለባጃጅ ውሉን የሚያነበው በሁለተኛ ቋንቋው እንኳ አይደለም፤ በሦስተኛው ነው። በዚህ አንጻር ሦስተኛ ወገን የሆነው እግረኛው ብቻ ሳይሆን ፈራሚው ጭምር ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ኩባንያዎቹ አንድ ገጽ ብቻ፣ በአማርኛና በአዊኛ፣ «ይህን እንከፍላለን፣ ይህን አንከፍልም፣ አደጋ ሲደርስ ይህን አድርግ» የሚል አትመው ከመስተዋቱ ተለጣፊ ጋራ ቢሰጡ የሚያወጡት ወጪ ለመጥቀስ እንኳ የሚበቃ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን፣ በአዋጁ ውስጥ በደኅና የተጻፈ ነው የምንለውን ክፍል እንጥቀስ። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው ወደ ማንኛውም የጤና ተቋም ሲደርስ የድንገተኛ ሕክምና ሊሰጠው ይገባል፤ ወጪውም እስከ ተወሰነው ገንዘብ ድረስ በመድኑ ይሸፈናል። በ2005 ዓ.ም. መጠኑ 2,000 ብር ነበር፤ በኋላ ከፍ ተደርጓል። እዚህ ላይ ዐረቦን የለም፤ ሙሉም ጎዶሎም የለም፤ ወገን አይቈጠርም። ደም የሚፈስሰው ሰው መኪናው የማን እንደሆነ፣ ውሉ መቼ እንደ ታደሰ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይታከማል። የአዲስ ቅዳም ሰው ይህን አንቀጽ ቢያውቅ፣ በበሩ ላይ «መጀመሪያ ገንዘብ አስይዙ» የሚለው ቢገጥመው በእርሱ መከራከር ይችላል።